ሲስተር ሸጊቱ ያስወረዱት ብረት

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እነሆ ከመካከላችን የተቀመጡት ሲስተር ሸጊቱ፤ እኔ መዝገብ ያዡ መሪጌታ በቀኝዎ ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው እርጅና ጉሮሮዬን ስለዘጋው ሳይሆን ሕግዎን ላለመተላለፍ ነውና፣ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ።

እዚህ ያለነው የራሳችን ሰዎች ስለሆንን ልናገር። ሲስተር ተሹመው ደባርቅ የገቡ ዕለት፣ ከጭነት መኪና ወርደው፣ የዳባት አቧራ ከነጠላቸው ሳይራገፍ፣ በሽተኛ ለመጥራት ከበር ሰቅለን እንደ ደወል የምንቀጠቅጠውን የመኪና ቸርኬ አይተው፣ "ይህ ብረት ዛሬውኑ ይውረድ" አሉ። ድረስ የሚባለው ዘበኛችን፣ ዘመኑ ነገ ምን እንደሚፈርስ የማይታወቅበት ነበርና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ "ደወል የምታስወርድ ካድሬ መጣችባችሁ!" ብሎ አወራ፤ ከቀትር በኋላም ካህናቱ ጥላቸውን ዘርግተው ከግቢያችን ደረሱ።

"ልጄ፣ የታቦቱ ደወል ምን አደረገሽ?"

"አባቶቼ፣ የእናንተን ማን ነካው? እኔ ያስወረድሁት የድረስን ቸርኬ ነው፤ በበሽተኛ ጆሮ ሥር ስለሚጮህ።"

ድረስ ግን "እኔስ ሃይማኖቴን ነው የጠበቅሁ" አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላፈረም።

ከዚያ ወዲያ በዚህ ግቢ የጮኸ የለም። ከተራራው አገር ከጨነቅ በቅሎ እየነዳ የመጣ ሰው፣ ከሸንተረር ሸንተረር መጣራት የለመደ ድምፁን ይዞ ሲገባ፣ ጣታቸውን ከከንፈራቸው አድርገው፣ "ወንድሜ፣ በሽታህን ለእኔ ንገር እንጂ ለሊማሊሞ ገደል አትንገር" ይሉት ነበር።

ምክንያቱንም ደጋግመው አስረድተውናል። የውስጥ ጆሮ ደሙን የሚያገኘው ከአንጎል ሥር በምትመጣ፣ እንደ ክር በቀጠነች አንዲት የደም ሥር ነው፤ እርሷ ከተዘጋች፣ የሊማሊሞ መንገድ ሲዘጋ ከታች ያለው አገር እንደሚራብ፣ መስሚያውም ሌላ መንገድ የለውምና ወዲያው ይራባል። ጥቃቅኖቹ ቅርንጫፎቿም፣ በመስኖ ላይ ተራ እንደሚያካፍል የውኃ አባት፣ የደሙ ግፊት ሲወርድ ሰፋ ብለው የጆሮን ድርሻ ያስጠብቃሉ፤ ኃይለኛ ድምፅ ሲመታቸው ግን ይጠብባሉ፣ መጥበባቸውም ከጸና የተራበው መስሚያ ላይመለስ ይሞታል።

ይህ ትምህርት በገዛ ራሳቸው ይደርሳል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? ባለፈው ዓመት ከጀርባችን ካለው ጉብታ ላይ ጦሩ የተከለው መድፍ ሲተኮስ፣ ሲስተር ከወላድ አልጋ ሥር ተንበርክከው ነበር፤ ሁለት እጃቸው ሕፃኗን ተቀብሎ ስለነበር ጆሯቸውን የሚይዙበት እጅ አልነበራቸውም። ሕፃኗ በደኅና አለቀሰች፤ እርሳቸው ግን ልቅሶዋን በግራ ጆሯቸው አልሰሙም፤ ከዚያም ወዲያ በዚያ ጆሮ የሰሙት የለም።

የቀረው ቀኙ ነው፤ እርሱም እየደከመ ሄደ። ጡረታ መጠየቃቸውን በሰማሁ ጊዜ፣ "ሲስተር፣ በዚህ ክፉ ቀን ጥለውን ይሄዳሉ?" ብዬ ተቆጣሁ። ልጃቸው ሽበሺ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው እንደ ጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንዲህ አሉኝ፤

"መሪጌታ፣ ሽበሺን ጮሆ መጣራት አላስተማርሁትም። ሲመጣ ከበር ቆሞ በለሆሳስ ነው 'እማ' የሚለኝ። ይችን ጆሮ ለዚያ ላቆያት።"

እኔ አርባ ዘመን ቅኔ የዘረፍሁ ሰው፣ ወደ ቀኛቸው ዞሬ በለሆሳስ "ይሁን" አልኋቸው።

ሲስተር፣ ስለ ተቀበሏቸው ሕፃናት፣ ስለ ከደኗቸው የሟቾች ዓይኖች፣ መድኃኒት ባለቀበት ወራት ከበሽተኛው አጠገብ ስለ ተቀመጡበት መቀመጥ፣ ጤና ጣቢያው በእኔ አፍ ያመሰግንዎታል። ልጅዎ በሕይወት አለ ብዬ ልምልልዎ አልችልም፤ ከእናንተ ውስጥም የሚችል ያለ አይመስለኝም። የምንችለው አንድ ነገር ነው፦ ከቤትዎ አጥር ሥር አንጮኽም፤ ጎረቤትዎ የሆነው ዘበኛችን ድረስም፣ ከበርዎ የጠራ ሰው ቢኖርና እርስዎ ባይሰሙ፣ "ካህናቱ ዘንድ የሮጥሁበት እግር አሁንም አለኝ" ብሏል።

እንግዲህ ዋንጫችሁን አንሡ። እልልታ የለም፣ ጭብጨባም የለም፣ ዋንጫ ከዋንጫም አይጋጭ። እግዚአብሔር ያን ለስላሳ ድምፅ ከደጃፍዎ ያድርስልዎ፤ እስኪደርስም ጆሮዎን ይጠብቅልዎ።

ዝም ብለን እንጠጣ፤ ምናልባት አሁን ከበር ቆሞ ይሆናል።