ሳይለኩ አይቆፍሩም

በእኛ ከተማ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ሰው ለማግኘት ቀጠሮ አያስፈልግም። ሁሉም የተጠበሰ አሳ ሊበላ አንዱ መጠጥ ቤት ይመጣል። እኔም ባለፈው ሳምንት ዓርብ ባዶ ወንበር ስፈልግ ጋሽ ኦርቪል በእጃቸው ጠሩኝ። አርባ አንድ ዓመት የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ግሬታ ተቀምጣለች፤ ጂኦግራፊ ያስተማርኳት ልጅ ናት። የሁለቱም አሳ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ነገር እንደከረረ ገባኝ።

«መምህር፣ ና ዳኘን!» አሉኝ ሽማግሌው። «ይቺ ልጅ ኮሌጅ ገብቼ ታሪክ ልማር ትላለች። የታሪክ ሱቅ ልትከፍት ነው? ግማሽ ፓውንድ ታሪክ መዝኑልኝ የሚል ደንበኛ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«አይሳቁ መምህር» አለች ግሬታ። «የኮሌጁ የመመዝገቢያ ቀን ገደብ ማክሰኞ ነው። አያቴ ለጎደለው ስድስት ሺህ ዶላር ብድር ዋስ ሆነው ካልፈረሙልኝ አበቃልኝ። ከሳቸው ሌላ ዋስ የሚሆነኝ የለም።»

«ለታሪክ አልፈርምም!»

ግሬታ አልተቆጣችም። ይህን ጠባይዋን ክፍል ውስጥም አውቀዋለሁ። «አያቴ፣ ምድር ቤት ያስቀመጧቸው ደብተሮች ስንት ናቸው?»

«አርባ አንድ። በየዓመቱ አንድ።»

«ምን ተጽፎባቸዋል?»

«የቆፈርኩት ነዋ! የቱ ጋ አሸዋ፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንደገጠመኝ፣ ውሃው ስንት ጫማ ላይ እንደተገኘ።»

«ሥራውን እኮ አቁመዋል። ለምን አያቃጥሏቸውም?»

«ምን አልሽ አንቺ! ከኔ በኋላ የሚቆፍረው ሰው በጨለማ ይደናበር?»

«እኔም ልማር የምለው ይህንኑ ነው። ከኛ በፊት የነበረው ሰው የት ድንጋይ እንደገጠመው፣ የት ውሃ እንዳገኘ። ደግሞ አንብቦ የሚያመዛዝን፣ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ማዘጋጃ ቤትም ፍርድ ቤትም ይፈለጋል። ደሞዙ ቀስ ብሎ ያድግ ይሆናል እንጂ ያድጋል።»

ጋሽ ኦርቪል ሹካቸውን አስቀመጡ። እኔ ኩራቴን ለመደበቅ ከጠረጴዛው ጎመን ሰላጣ ጎረስኩ።

«እሺ፣ ረታሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀቱን አምጪው። ሳላነብ ግን አልፈርምም።»

ግሬታ ከኮሌጁ የተላከላትን ደብዳቤ ዘረጋች። ወር ሙሉ የእናቷ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ የከረመ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ በየዓመቱ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ተሸልመሻል» ይላል። እናቷ ኬክ ቆርሳለች፤ ግሬታም የኮሌጁን ሹራብ ገዝታ ለብሳዋለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይሄ አሥራ አራት ሺህ ‹ብድር› የሚለው ምንድን ነው?»

«የ... የሽልማቱ አካል ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ብድር ሽልማት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ስህተቱ የግሬታ ብቻ አይደለም። በአገራችን በየዓመቱ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ስንት ቤት ኬክ ይቆረሳል! ትልቁን ቁጥር አይተን እንጨፍራለን፣ ትንሿን ቃል አናነብም።

ጋሽ ኦርቪል እርሳሳቸውን አውጥተው ከሳህናቸው ሥር በተነጠፈው ወረቀት ላይ ደመሩ። «አሥራ አራት ሺህ፣ እኔ እንድፈርም የተፈለገው ስድስት ሺህ፤ ይኸው ሃያ ሺህ በዓመት። በአራት ዓመት ሰማንያ ሺህ፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ታሪክ የተማረ ሰው ሲጀምር ስንት ያገኛል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አርባ ሺህ ገደማ።»

«ሁለት ዓመት ሳትበዪ ሳትለብሺ ለዕዳ ልትሠሪ ነዋ!»

የግሬታ ዓይን እንባ አቀረረ። «ታዲያ ታሪኩን ልተወው?»

«ማን ተዪው አለሽ? አሁን አሳምነሽኝ የለ! እዚህ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎሻል አይደል? እዚያ ታሪክ አያስተምሩም?»

«ያስተምራሉ። ግን ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬ...» የሹራቡን እጅጌ ጎተተች።

«የሹራቡን ኪሳራ እኔ እችላለሁ። እኔ ቤት ትኖሪያለሽ። በአራት ዓመት ሃያ ሺህ ብትበደሪ ነው፤ ለሱ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ግሬታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ አንድ በአንድ ደመረችው፤ ያው ነው። ከእንባዋ ጋር ሳቀች። «ማክሰኞ ሳይደርስ ለዩኒቨርሲቲው እጽፋለሁ» አለች።

እኔም ደስ አለኝ። ያ ኮሌጅ ለእሷ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር። ዕዳው ከመጀመሪያ ዓመት ደሞዙ ያነሰ ተማሪ የሚወደውን ሥራ መርጦ ይይዛል፤ የበዛበት ግን ሥራው ራሱ ይመርጠዋል። ትምህርቱን መውደድ ጥሩ ነው፣ ዋጋውን መለካትም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ትናንት ዓርብ ደግሞ ተገናኘን። ጋሽ ኦርቪል አንድ ያረጀ ደብተር ግሬታ ፊት አስቀመጡ። «ከዚህ ጀምሪ፤ ሌሎቹን ክፍልሽ ውስጥ ደርድሬልሻለሁ።»

እሷም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች፦ «አንደኛ ጉድጓድ። ሁለት መቶ አሥር ጫማ። ደረቅ። ውሃ የት እንደሚገኝ ጎረቤት ሳልጠይቅ ቆፈርኩ።»

«ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው፣ ጆሯቸው ቀልቶ። «በሉ ብሉ፣ አሳው ሳይቀዘቅዝ።»