ሌባን በድምፁ የሚለይ ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠጄ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ በራፏ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ ከወረደችው ጎረቤቷ ከዲንቄ ጋር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ባሏ ጣሰው ከኋላቸው ሶፋው ላይ ሆኖ ኳስ ያያል። ያያል ይባል እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ቢጠይቁት አያውቅም። ሚስቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም፤ ዝምታዋ በምን እንደሚያልቅ ደግሞ በትዳር ዘመኑ ጠንቅቆ ተምሯል።

"ምስሩ ዘንድሮ ጠጠር በዝቶበታል አይደል ዲንቄዬ?" አለች ጠጄ። "ውሃውም እንደጠፋ ነው... ብቻ ተመስገን፤ ጤና ካለ ምን ይጎድላል? ስልክሽን ግን ጠንቀቅ በይ እህቴ፤ ዘመኑ ክፉ ነው።"

ጣሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። እሷም የራሷን ጨመረች።

"እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ... ከዚህ ሰፈር አይደለም፣ ሩቅ ነው። እንዴት ያለ ብልህ መሰለሽ! አጭበርባሪ ሲደውል ገና 'ሃሎ' ከማለቱ ይለየዋል። የእድሩን ሰው ሁሉ ያስተማረው እሱ አይደል? 'የማታውቁት ሰው በስማችሁ ጠርቶ ከመረቃችሁ ሌባ ነው። ጉዳዩን ካድበሰበሰ ሌባ ነው። መልካም ነገር ይዤ መጣሁ ካለማ ዋናው ሌባ እሱ ነው' እያለ። እውነቱን እኮ ነው! ሽልማት ወጣልህ ሲሉት የሚስጥር ቁጥሩን የዘረገፈ ስንት አለ? እሱን ግን... እሱን ማን ይደፍረዋል?"

ጣሰው ይህን ትምህርት የሰጠ ቀን እድርተኛው አጨብጭቦለት ነበር። ዛሬ ያንን ቀን ባያስታውሰው ይመርጣል።

"ትናንት ታዲያ ተደወለለት አሉ፣ ከማያውቀው ቁጥር። 'ጤና ይስጥልን፣ ቤትዎን ይባርክልን' ይላሉ አንድ አዛውንት። ወዲያው ነቃ! ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው፤ ደረጃው ላይ ያለ ጎረቤት ሰምቶ እንዲማር። ደግ ነዋ! 'ለመልካም ነገር እሁድ ቤትዎ ብንመጣ ይፈቅዱልናል?' አሉት። 'ምን ጉዳይ?' ሲል 'እሱ እንኳ በስልክ አይነገርም' አሉት። ይባስ ብለው 'ልጅዎስ ደህና ናት?' አይሉትም? ልጅ እንዳለችው በምን አወቁ? ሌቦች ቢሆኑ ነዋ! አይፈረድበትም እኮ..."

ዲንቄ ትናንት ደረጃው ላይ ቆመው ከሰሙት አንዷ ናት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ምን ብሎ ቢመልስላቸው ጥሩ ነው? 'ማረሚያ ቤቱ ቅርባችን ነው፤ ኑ፣ በእግሬ አደርሳችኋለሁ!' እሰይ! ጀግና አያሰኝም? ከዚያ ቁጥሩን ብሎክ። ለካ አዛውንቱ አቶ ጃለታ ናቸው፤ የሳሪስ አቦን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት። ሽማግሌ ሆነው ለልጅቷ ተልከው! ለመሆኑ 'ልጅህን ለልጃችን' ብሎ በስልክ የሚናገር ሽማግሌ የት አገር አለ? ቤት ተገብቶ፣ 'ተቀመጡ' ሲባል 'ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም' ተብሎ አይደል ወጉ? እኔን ሊጠይቁ አባቴ ቤት የመጡት ሽማግሌዎች አልቆሙም? እሱ ግን ምን ያድርግ... ብልህ ሰው ለወግ ጊዜ የለውም።"

የልጃቸው የሉላ ክፍል በር እንደተዘጋ ነው። ሽማግሌዎቹን የላካቸው እጮኛዋ ዘአማኑኤል ነበር፤ አሁን አባቱ "እንዲህ ካዋረደን ቤት አንጋባም" ብለው እንቢ ብለዋል። ሉላ ትናንት ይህን ለአባቷ ስትነግረው ዓይኗ አብጦ ነበር። ጣሰው አንድ ልጁን ከነፍሱ አብልጦ ይወዳታል፤ ወደ በሩ ባየ ቁጥር እፍረቱ ፊቱን ያነደዋል።

ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። የአቶ ጃለታን ቁጥር ከብሎክ አውጥቶ ደወለ። ጠራ፤ አልተነሳም። ደግሞ ሞከረ። በሁለተኛው ዘጉበት። ሦስተኛ ለመሞከር ድፍረት አጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ጠጄ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሰፌዱን ነቅነቅ አደረገችና ድምጿን እንደ ማር አለሰለሰችው።

"ብቻ ሰው የፈለገውን ይበል፣ እኔ እመርቀዋለሁ ዲንቄዬ። እግዚአብሔር ጥንቃቄውን ይባርክለት። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ገንዘቡን ማንም አይንካበት፤ ልጁንም ማንም አይውሰድበት። እንዲሁ እንደጠበቃት፣ እሱ አርጅቶ እሷም ሸብታ፣ እዚያችው ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲተያዩ ይኑሩ። አሜን በይ እንጂ!"