መሰላል የያዘው

ከመገናኛ ወደ ፈረንሳይ በታክሲ ስንሄድ ከኋላዬ አንዲት እናት ወረቀት ዘርግተው ያያሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ጠየቃቸው።

«ምንድነው እማማ?»

«የሶላራችን የደህንነት ሰርተፍኬት። ያለሱ ድጎማው አይሰጥም። አሳርሜው መመለሴ ነው።»

«ምኑ ተሳስቶ?»

«ተቆጣጣሪው እንጦጦ ቤታችን ሲመጣ ልጄ ጣራ ላይ ሆና የሶላሩን ገመድ ትቀጥላለች፣ ወንድሟ ታች መሰላል ይዟል። የሠራው ወንድሟ ነው ብሎ ጻፈ።»

«ድጎማው እንደሆነ ያው ነው። ምን አለፋዎት?»

«ታዲያ እሷ በለፋችበት መሰላል የያዘው ይመስገን?»

«አረመልዎት?»

«ሳያርም ሊቀር! ከዚያ ደግሞ ‹የእኔንም ቤት ሶላር ትሥራልኝ› አይለኝ መሰለህ!»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ወረፋ ያዝ› አልኩታ።»

«ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ መውረጃዬን አለፍኩት።