ሐዲድ የሌላቸው ኮከቦች

ወደ ካላክላ ሰፈር በሚሄደው ሐፍላ፣ በሚኒባሱ ውስጥ፣ ከፊቴ እናትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጇ ያወራሉ።

«እማ፣ ትምህርቱን ልተወውና ካፉሪ ሰፈር አንቺ የምትሠሪበት ቤት ልሥራ።»

«መጀመሪያ ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ።»

«በጣም የድሮ ኮከቦች ሐዲድ የላቸውም ማለት ይቻላል።»

«ሐዲድ? ኮከብ ባቡር ነው እንዴ?»

«ላ፣ አይደለም፣ ብረት ለማለት ነው፤ በዐረቢ ወጣብኝ። ድሃ ይሏቸዋል።»

«ምን ሆነው ደኸዩ?»

«ያኔ ብረት የት ነበረና! ኮከቦች ናቸው በሆዳቸው የሠሩት። ሲሞቱ በተኑት፣ ኋላ የተወለዱት ከበሩበት።»

«የእናቶቹ ልፋት ለልጆቹ ደረሰ በይኛ።»

«አይዋ፣ ልክ ነሽ።»

«እኔ ግን አልሞትልሽም። ካፉሪን ለእኔ ተዪልኝ፣ አንቺ ተማሪ።»

«ስጨርስስ?»

«ኢንሻላህ፣ ያኔ አማርኛ አስተምርሻለሁ።»

ካላክላ እስክንደርስ የያዝኩትን የወንበር ብረት አልለቀቅኩትም።