ሰባተኛዋ

ሄሎ? … አቤት እታለም! … እኔ ነኝ፣ ትሰሚኛለሽ? … ቆይ፣ እዚህ ጫጫታ ነው— ልጆች፣ ኳሱን ግድግዳው ላይ አታንጥሩብኝ! እህቴ ናት፣ ነርሷ!

… ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነን። ግማሽ ሰዓት ቀርቶናል። … የዛሬው እጅ ኳስ ነው። ቅርጫት ኳሱ ሐሙስ፣ ጦር ውርወራው በሚመጣው ሳምንት። … ሳቂ፣ ሳቂ! ሦስት አሰልጣኝ ማለት እኮ ሦስት አማት ማለት ነው፤ አንዱን ደስ ስታሰኚ ሁለቱ ያኮርፋሉ።

… ዶክተሩ የጉልበቴን የኤምአርአይ ፊልም አየው? … ቆይ፣ ቆይ፣ ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ልግባ። … እሺ፣ በሩን ዘግቻለሁ። ንገሪኝ።

… እ።

… ደግመሽ በይው። … ሰምቻለሁ፤ ግን ደግመሽ በይው።

… ጅማቱ ግማሹ ተበጥሷል። … ቀሪውስ? … አንድ ዝላይ? ሊበጠስ አንድ ዝላይ ይበቃዋል አለ?

… አዎ፣ አብጧል። በፋሻ አስሬ ረጅም ሱሪ ደርቤበታለሁ። … እብጠቱን ማንም አላየም።

… እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? ሰባት ነን እኮ! ስድስት ከሆንን የሴቶቹ ቡድን ዛሬውኑ ይሰረዛል። በረኛችን ኮሌጅ የገባችው በእጅ ኳስ ነው፤ ቡድኑ ከሌለ ዶርሟንም ትለቃለች። … እኔማ ቅርጫት ኳስ አለኝ፤ እኔ ስተርፍ እነሱ ይበተናሉ። እሱ ነው የባሰው።

… እጅ ኳሱ ውስጥ ስገባ ማንም አላስገደደኝም። ሰሌዳው ላይ ስድስት ስም ነበር፣ ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር። አምበሏ «ሰው እስክናገኝ ነው፣ ለአንድ ሳምንት» አለችኝ። ይኸው ሁለት ዓመት። … ባዶው መስመር አሳዘነኝ። … ሞኝ በይኝ፣ ልክ ነሽ።

… አውቃለሁ። … ዕድሜ ልኬን በዚህ እግር ነው የምቆመው፣ አውቃለሁ እታለም። … ኧረ አታልቅሺ! እኔ ሳላለቅስ?

… ቆይ፣ በሩ ተከፈተ— መጣሁ፣ አምበሌ። … አዎ፣ ውጤቱን እየነገረችኝ ነው። … ምን አለች?

…

ደህና ነው አለች። ትንሽ ግጭት ነው፤ ፋሻውን ጠበቅ አድርጊው ብቻ አለች።

… አትጩኺ እታለም፣ በሩ ላይ ናት፣ ትሰማሻለች፤ እኔም በሹክሹክታ ነው የማወራሽ። … አይሆንም። ስልኩን አልሰጣትም። … አልሰጣትም አልኩሽ! — ምንም አይደል አምበሌ፣ «ጠንክሩ በያቸው» እያለች ነው። ሂጂ፣ ተሰለፉ፣ ደረስኩ።

… ሄዳለች። … ሄሎ? አለሽ? … አለሽ፣ ትንፋሽሽ ይሰማኛል።

… ስሚ፣ እየጠሩኝ ነው። አይዞሽ በይኝና ልሂድ።

… በይኝ እንጂ።

… እታለም?

… እሺ። እንግዲያው እኔው ልዝጋው።