የመጨረሻው ደረጃ ዜማ

ከፀዳ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራች ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር አቅፏል።

«ምን ትጫወትባታለህ?» አሉት ጎኑ ያሉት ሽማግሌ።

«የድሮ የቴሌቪዥን ጌም ዜማ፣ አያ። ወንድሜ ነው የሠራት።»

«ምነው እሱ አይጫወትባትም?»

«በመተማ በኩል ወጥቶ ባሕር በላው። እናቴ ታማ ተኝታ፣ እሱ ጌሙን ሲጨርስ ይሰማ የነበረውን ዜማ ተጫወትልኝ ትለኛለች።»

«ተጫወትላታ።»

«አላውቀውም። እኔ መሐል ላይ ስሸነፍ ተናድጄ እወጣ ነበር። መጨረሻው ላይ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሷን ጠርቶ ያሰማት ነበር።»

«ከጌሙ አትሰማውም?»

«ተቃጥሏል።»

«እሷስ አታንጎራጉርልህም?»

«ትጀምረውና ታለቅሳለች። ጨርሳው አታውቅም።»

«እንግዲያ ሌላ ሸጋ ዜማ ተጫወትና ይኸው በላት።»

«ትናንት ሞከርኩ። እጄን ይዛ አስቆመችኝ።»

እኔ ከፒያሳ በፊት አዘዞ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ «ወራጅ» ሳልል ፒያሳ ደረስኩ።