አውራ ጣት የተቀበለ እግር

በቆዳ ፋብሪካችን በር አጠገብ አንድ የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። በምሳ ሰዓት እዚያ የማይጠፉት ጋሽ በርሜል ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ቆዳ ደርዳሪዎቹ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆዳ ከሚያገላብጠው ትልቅ የእንጨት በርሜል ሥር ቆመው ሠርተዋል። በስሙም አልተቀየሙም።

አንድ ቀን የሱሪያቸውን የግራ እግር እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለውን ቁስል ለፀሐይ ሰጥተው ነበር። ቁስሉ ስምንት ወር ሆኖታል። የፈረቃው አለቃ ኬሚካል ያለበት ውሃ እንዳይገባበት ሰግቶ፣ በዚያው ሳምንት «በሦስት ወር ካልዳነ ጡረታ ይወጣሉ» ብሏቸዋል። በርሜሉን ትተው ቤት መዋል ለእሳቸው ከቁስሉ የባሰ ሕመም ነበር።

ለቴታነስ ክትባት ከጤና ጣቢያ ከመጡት ነርሶች አንዷ ወደ በሩ ስትሄድ ድንገት ቆመች። የታላቅ እህታቸው ልጅ ናት፤ ከተያዩ ዓመት አልፏል።

«ጋሼ! ይህ ምንድን ነው?»

«ቁስል ነዋ። ነርስ ሆነሽ አላወቅሽውም?»

«አውቄዋለሁ። ለምን አልታሰረም ማለቴ ነው።»

«ሁለቴ አሰሩልኝ፣ ሁለቴም በማግስቱ ፈታሁት። ቁስል አየር ይፈልጋል። ደግሞስ ክፉው ውሃ ይውጣ እንጂ ለምን ይታፈን? እናትሽ ትሙት፣ ሲፈስ ቀለል ይለኛል።»

«እናቴን ለቁስል አይማሉባት» አለችና ሳቅ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። «የሚፈሰው ክፉ ውሃ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ውስጡ ሥጋዎን የሚበላ ነገር አለ።»

«ተውሳክ?»

«ተውሳክስ ከውጭ ይመጣል። ይህ የራስዎ ነው። ሰው ሲቆስል ነጭ የደም ሴሎች እንደ ዘበኛ ይሮጣሉ። የሞተውን ሥጋ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይረጫሉ፤ ኢላስቴዝ ይባላል። ሥራውን ሲጨርስ ሰውነት ራሱ ያስቆመዋል። የእርስዎ እግር ግን ቆሞ በመዋል ብዛት ደም ሥሮቹ ደክመዋል። ውሃ ይቋጥራል፤ ዘበኞቹም እዚያው ይከማቻሉ። ማስቆሚያው አልበቃ ሲል ኢንዛይሙ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ጭምር ይበላል።»

«የገዛ አካሌ እኔን ይበላል? አንቺ ልጅ፣ ቆሽቴን አታሳርሪው!»

«ቆሽት ካነሱማ፣ ቆዳ ለማለስለስ በርሜሉ ውስጥ የምትጨምሩት ዱቄት ከምን የተሠራ ነው?»

«ከከብት ቆሽት» አሉ ጋሽ በርሜል።

«እሱም ኢንዛይም ነው። መብቃቱን በምን ያውቃሉ?»

«በአውራ ጣት ነዋ። ቆዳውን ጫን አድርገሽ ስትለቂው የጣትሽ ምልክት ከቀረ በቅቷል፤ ወዲያው አውጥተሽ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቢዋለሽ።»

«ቢያልፍስ?»

«አንድ ጊዜ ስብሰባ ረዝሞብን ረሳነው። ሁለት መቶ የበግ ቆዳ እንደ ራሰ ወረቀት እጃችን ላይ ተቀደደ።»

ነርሷ አውራ ጣቷን ከቁስሉ ከፍ ብሎ ያበጠው ቦታ ላይ አሳረፈች። ጫን አድርጋ ቆየችና ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

ጋሽ በርሜል ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩት። የሚያውቁት ምልክት ነው። ሺህ ጊዜ በቆዳ ላይ አይተውታል፤ በራሳቸው እግር ላይ ግን አይተውት አያውቁም።

«ይህ የሚያሳየው የተቋጠረውን ውሃ ነው» አለች በጥንቃቄ። «ኢንዛይሙን በጣት ማየት አይቻልም። ነገር ግን ቁስልዎ በዚያ ውሃ ተዘፍዝፎ ስምንት ወር ኖሯል።»

«እኔ ቆዳ እንዲህ ሆኖ ለአንድ ሰዓት አልተውም» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ቢታሰር ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ።

«ወደ መጣበት፣ ወደ ላይ። ታጥቦ ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ከዚያ ከጣቶችዎ ሥር እስከ ጉልበት በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። መጀመሪያ ግን ወደ እግር የሚወርደው ደም በቂ መሆኑ ይለካል፤ ሳይለካ ማጥበቅ አደጋ አለው። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ተገትሮ ከመዋል መራመድ ይሻላል።»

«ያሳክከኛል እኮ።»

«አዎ፣ ያሳክክዎታል። እንዳይፈቱት ብቻ። ሲብስብዎ እኔን ይስደቡኝ።»

«እሱስ አይቸግረኝም» አሉ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደው ተለኩ፤ ታሰሩ። ስድቡን አላጎደሉም፤ ፋሻውን ግን አልፈቱም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየርላቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ፈሳሹ ቀነሰ፤ በስድስተኛው ዳር ዳሩ እየጠበበ መጣ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቁስሉ ተዘጋ። አለቃው ጎንበስ ብሎ እግራቸውን አየና፣ «በሉ ፈረቃዎ እንዳያልፍዎ» ብሏቸው ወደ ቢሮው ገባ።

ከዚህ እኔም ተምሬአለሁ። ቁስል ሲፈስ እየጠራ ነው ብለን የምንጽናና ብዙ ነን፤ ሲፈስ ወር ካለፈው ግን ሊመረመር ይገባል። ቶሎ የታከመ ሰው እግሩንም እንጀራውንም ያተርፋል።

አሁን ጋሽ በርሜል ከጉልበት በታች አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ ያደርጋሉ። በቀደም ከእኛ አንዱ፣ «ድነው የለም እንዴ? ለምን አይጥሉትም?» አላቸው።

«የዳነው ቁስሉ ነው፤ ደም ሥሬ አልዳነም» አሉት። «ማታ ስተኛ አወልቀዋለሁ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አጠልቀዋለሁ። አንድ ቀን ሱሪ ረስቼ ልመጣ እችላለሁ፤ እሱን ግን አልረሳም።»